ሠራተኛው ሁሉ የየራሱን ስልክ ይዞ ሲመጣ፦ ለሆስፒታል የአይሲቲ ክፍል የአሠራር መመሪያ

በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ ዋርድ ውስጥ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሳምሰንግ፣ ሬድሚ፣ የጎግል አገልግሎት የሌለው ሁዋዌ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አይፎን እና ባለ ቁልፍ አይቴል አብረው ይውላሉ። ሆስፒታሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስልክ ገዝቶ አያድልም፤ ሠራተኛውም በገዛ ገንዘቡ የገዛውን «ቀይር» ሊባል አይችልም። ስለዚህ ስልኮቹን አንድ ለማድረግ አትድከሙ። ኔትወርኩንና ሰርቨሩን፣ እንዲገባ በፈቀዳችሁት ደካማ ስልክ ልክ ስፉት። ከዚያ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ አራት ነገር ተመልከቱ፦ አካውንቱ የማን ነው፣ ሰዓቱ ልክ ነው ወይ፣ መልእክት ስክሪኑ ጠፍቶም ይገባል ወይ፣ የታካሚ ፎቶ ተነሥቶ የት ይሄዳል። ወደ ክፍላችሁ የሚመጣው ቅሬታ አብዛኛው ከእነዚህ ከአራቱ አያልፍም።

1. መዝግቡ፣ ከዚያ በሦስት ክፈሉ

ቅጽ በኢሜይል አትላኩ፤ አይሞላም። ሞርኒንግ ሴሽን ሲያልቅና ነርሶች ተረኛ ሲቀያየሩ ሁለት ሆናችሁ ዋርዱ ድረስ ሂዱ። የሌሊት ተረኞችን አትርሱ፤ ከመዝገብ የሚቀሩት እነሱ ናቸው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚደውሉላችሁም እነሱው ናቸው። ለአንድ ስልክ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙ።

የምትመዘግቡት ስምና ክፍል፣ የስልኩ ሞዴል፣ የአንድሮይድ ወይም የአይኦኤስ ቁጥር፣ ራም፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ ዓይነት፣ ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ይሁን የሳፋሪኮም፣ የስክሪን መቆለፊያ መኖር አለመኖሩ ነው። ቁጥሩ በአንድሮይድ ሴቲንግስ ውስጥ አባውት ፎን፣ በአይፎን ጄኔራል ቀጥሎ አባውት የሚለው ላይ አለ። ፓስዎርድ አትጠይቁ፣ ቢነገራችሁም አትጻፉ። የአይኤምኢአይ ቁጥሩን (የስልኩን መለያ ቁጥር) ባለቤቱ ራሱ *#06# ደውሎ፣ በወረቀት ጽፎ ቤቱ ያስቀምጥ።

ስልኩን ከሰው እጅ አትውሰዱ። «ዶክተር፣ ስልኩ እጅዎ ላይ ይሁን፤ እኔ እያሳየሁዎት እርስዎ ይንኩት» ማለት ሁለት ጥቅም አለው። ሰውየው የግል ነገሩ አልተነካበትም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ራሱ ያስተካክለዋል።

ክፍፍሉ እንዲህ ይሁን። አንደኛው ምድብ አንድሮይድ 10ና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ 3 ጊጋ ራም ያለው፣ ወይም አይኦኤስ 15ና ከዚያ በላይ የጫነ አይፎን ነው፤ የታካሚ መዝገብ መክፈት የሚፈቀደው ለዚህ ብቻ ነው። አንድሮይድ 10ን መስመር ያደረግነው በምክንያት ነው፦ ከፋብሪካ በዚህ እትም የወጣ ስልክ ውስጡ ያለው መረጃ የተመሰጠረ መሆን ግዴታው ስለሆነ፣ ቢሰረቅ ሚሞሪውን ነቅሎ ማንበብ አይቻልም። በአፕዴት ወደ 10 የደረሰ ስልክ ከሆነ ግን ሴኪዩሪቲ ውስጥ ኢንክሪፕሽን የሚለውን አይታችሁ አረጋግጡ። በአይፎን በኩል አይፎን 6 ከአይኦኤስ 12 ስለማያልፍ እዚህ አይገባም፤ 6ኤስ ግን ይገባል። ሁለተኛው ምድብ አንድሮይድ 8ና 9 ነው፦ ዋይፋይና የተረኛ መልእክት ይፈቀድለታል፣ የታካሚ መረጃ አይከፈትበትም። ሦስተኛው ከዚያ በታች ያለውና ባለ ቁልፉ ስልክ ነው፤ ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክት ይበቃዋል። የአምቡላንስ ሾፌሩ፣ የጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛው ስልክ ብዙ ጊዜ እዚህ ነውና ማስታወቂያ ሁሉ በቴሌግራም ብቻ ከወጣ እነዚህ ሰዎች ምንም አይደርሳቸውም።

2. አካውንቱ የማን ነው?

ይህን ደረጃ ብዙ የአይሲቲ ክፍል ይዘለዋል፤ ትልቁ ቀዳዳ ግን እዚህ ነው።

አንድሮይድ ላይ ጂሜይሉን የከፈተው ብዙ ጊዜ ስልኩን የሸጠው ሱቅ ነው። ባለቤቱ ፓስዎርዱን አያውቀውም፤ አንዳንዴ አድራሻውንም አያውቀውም። ስልኩ ሪሴት በተደረገ ቀን የቀድሞውን አካውንት ጠይቆ ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ስልክ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ የሚለውን ክፈቱና ጠይቁ፦ «ሲስተር፣ የዚህን ጂሜይል ፓስዎርድ ያውቁታል?» የማያውቁት ከሆነ፣ ስልኩ ክፍት ሳለ አዲስ ጂሜይል በራሳቸው ስልክ ቁጥር ክፈቱላቸው፣ ዕውቂያዎቹን ወደ አዲሱ አሻግሩ፣ አሮጌውን አውጡት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ ከተቆለፈ በኋላ ወደ ጠጋኝ መሄድ ብቻ ይቀራል።

አይፎን ላይ ደግሞ ሴቲንግስ ስትከፍቱ ከላይ የሚታየውን ስም አንብቡ። ስሙ የባለቤቱ ካልሆነ፣ ስልኩን የላከችው እህት አካውንት አልወጣም ማለት ነው። የአይክላውድ ፎቶ ተከፍቶ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ በድንገተኛ ክፍል የተነሣው የቁስል ፎቶ ቨርጂኒያ ባለው የእህትየው አይፓድ ላይ ይታያል። እህትየው ፓስዎርዷን በዚያው ሰዓት ለባለቤቱ ነግራ አካውንቷ ይውጣ፤ ከዚያ ባለቤቱ በራሱ ኢሜይል አዲስ ይክፈት።

ስለ አይፎን አንድ ነገር እንጨምር። «አፕዴት አድርጉት» ከማለታችሁ በፊት አባውት ውስጥ ካሪየር ሎክ የሚለውን መስመር እዩ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ ስልኩ ለውጭ አገር ኩባንያ የተቆለፈ ነው፤ የሚሠራው ከሲሙ ጋር በተለጠፈች ቀጭን ቺፕ ነው። አፕዴት ከተደረገ ቺፑ መሥራት ሊያቆም ይችላል፤ ሐኪሙም በተረኝነቱ ቀን ኔትወርክ አልባ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስልክ ሁለተኛ ምድብ ውስጥ ተዉት።

3. ሰዓቱን አስተካክሉ

የአገራችን ሰው ስልኩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማየት ይወዳል፤ ደግሞም ልክ ነው። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልኩ 8:00 ሲለው፣ አውቶማቲኩን አጥፍቶ በእጁ 2:00 ያደርገዋል። ስልኩ ግን የገባው «ሰዓቱ ከእውነተኛው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው» የሚል ነው።

ከዚህ የሚከተለው እንግዳ ምልክት ይኸው፦
- በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ኮድ ሁልጊዜ «ስህተት» ይባላል። ኮዱ የሚሰላው ከሰዓት ነው።
- የሰርቨሩ ሰርተፍኬት (ማንነቱን ለስልኩ የሚያረጋግጥበት ዲጂታል መታወቂያ) በታደሰበት ቀን ጠዋት የተወሰኑ ስልኮች «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» ብለው አይከፍቱም፤ ከሰዓት በኋላ በራሳቸው ይድናሉ። ሰርተፍኬቱ በእነሱ ሰዓት ገና አልተወለደም ነበር።
- በስልኩ የተሞላ ቅጽ የሌላ ሰዓት፣ አንዳንዴም የሌላ ቀን ሆኖ ይመዘገባል።

ማስተካከያው፦ ዴት ኤንድ ታይም ውስጥ አውቶማቲክ ሰዓትና አውቶማቲክ የሰዓት ክልል ሁለቱም ይከፈቱ። ከዚያ የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን የሚያሳይ ትንሽ ዊጀት በስክሪኑ ፊት ላይ አስቀምጡላቸው። «ዊጀት አልወድም፣ ትልቁ ሰዓት ራሱ ይቀየርልኝ» የሚል ሰው ካለ አንድ ዘዴ አለ። ሰዓቱን ሳትነኩ የሰዓት ክልሉን ብቻ ወደ ቦነስ አይረስ ለውጡት፤ ከአዲስ አበባ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ባለ 12 ሰዓት አቆጣጠሩን ክፈቱ፤ ጠዋት 2 ሰዓት 2:00 ይላል፣ ማታ 2 ሰዓትም 2:00 ይላል፣ ቀኑ ደግሞ እንደ እኛው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። ኮዱና ሰርተፍኬቱ አይበላሹም፣ ምክንያቱም ከስር ያለው እውነተኛ ሰዓት አልተነካም። ነገር ግን ይህን በስልኩ የታካሚ ቅጽ ለሚሞላ ሠራተኛ አትፍቀዱ፤ ብራውዘሩ የቅጹን ሰዓት ከሰዓት ክልሉ ስለሚወስድ መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት ይዛባል።

4. ዋይፋዩ

ሦስት ስም ይበቃል፦ አንድ ለሥራ፣ አንድ ለሠራተኛ የግል ኢንተርኔት፣ አንድ ለእንግዳ። ከዚያ በላይ ስም ባበዛችሁ ቁጥር አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን የሚረጨው መሣሪያ) ራሱን ሲያስተዋውቅ አየሩን ይይዘዋል።

ርካሽ ስልኮች 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሚያውቁ፣ የሥራውን ዋይፋይ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ብታደርጉት ግማሹ ሠራተኛ ስሙንም አያየውም። ሁለቱም ላይ ክፈቱት። በ2.4 ላይ ቻናል 1፣ 6 እና 11ን ብቻ ተጠቀሙ፣ የጎረቤት አክሰስ ፖይንቶች አንድ ቻናል አይጋሩ። የዋይፋዩ ምስጠራ አዲሱ ደብሊውፒኤ 3 ብቻ ከሆነ አሮጌ ስልኮች አይገቡም፤ ለጊዜው ደብሊውፒኤ 2 ይሁን። ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ክፍሎች ግድግዳቸው እርሳስ ስላለበት ከኮሪደር የሚመጣ ሲግናል አያልፍም፤ ውስጥ የራሳቸው አክሰስ ፖይንት ያስፈልጋቸዋል።

«ተያያዘ ግን አድራሻ አልሰጥ አለኝ» የሚለው ቅሬታ ከ4 ሰዓት በኋላ ከበዛ ኔትወርኩ ለየስልኩ ለጊዜው የሚያከራየው የአድራሻ ክምችት አልቋል። በተለመደው አሠራር አንድ ኔትወርክ 254 አድራሻ ብቻ አለው፤ የኪራይ ጊዜው 24 ሰዓት ከሆነ የሌሊቱ ተረኛ ስልክ ቤቱ ተኝቶም አድራሻውን እንደያዘ ነው። ኔትወርኩን 1,022 አድራሻ ወደሚይዘው አስፉት፤ የኪራይ ጊዜውን ለሠራተኛ 8 ሰዓት፣ ለእንግዳ 1 ሰዓት አድርጉት።

ስልኮችን በማክ አድራሻ (የስልኩ የዋይፋይ መለያ ቁጥር) እየለያችሁ የምታስገቡ ከሆነ ተዉት። ከአንድሮይድ 10ና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልክ ለዋይፋይ የሚያሳየው አድራሻ የተፈበረከ ነው፤ ሪሴት ሲደረግ ይቀየራል፣ እናንተም ዕድሜ ልካችሁን ስትመዘግቡ ትኖራላችሁ። ለሥራው ዋይፋይ ለየሰው የተለየ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ የሚጠይቀውን ዓይነት ብታደርጉ ይሻላል። አንድሮይድ ላይ ሲሞላ፦ ዘዴው ፒኢኤፒ፣ ሁለተኛው ደረጃ ኤምኤስቻፕ ቪ2፣ ሰርተፍኬቱ የሲስተም፣ ዶሜይን የሚለው ላይ የሰርቨራችሁ ሙሉ ስም። ቀድሞ «አታረጋግጥ» የሚል ምርጫ ነበር፤ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ባሉ ብዙ ስልኮች ላይ ስለሌለ ዶሜይኑን ካልሞላችሁ ሴቭ የሚለው ቁልፍ አይነቃም።

የሥራው ዋይፋይ ኢንተርኔት የሌለውና የውስጥ ሰርቨር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ስለተያያዘ ዳታውን ይተወዋል፣ ቴሌግራሙ ዝም ይላል፤ ሌላው ስልክ ደግሞ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ በራሱ ዋይፋዩን ጥሎ ወደ ዳታ ይሄዳል፣ የታካሚ መዝገቡም አይከፈትም። ሁለቱም የአንድ ምክንያት ልጆች ናቸው። ቢያንስ ለቴሌግራምና ስልኮቹ ኢንተርኔት መኖሩን ለሚፈትሹበት አድራሻ የሚሆን ጠባብ የኢንተርኔት መንገድ ክፈቱበት።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለው ጥቂት ሰከንድ አክሰስ ፖይንቱን አጥፍቶ ያስነሣዋል፣ ተነሥቶ ስልክ እስኪቀበል ደቂቃዎች ያልፋሉ። አክሰስ ፖይንቶቹን በገመዱ የሚመግበውን ስዊች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ስቀሉት፤ ከዚህ የረከሰ መፍትሔ የለም።

5. የታካሚ መዝገብ በብራውዘር

ለየስልኩ አፕ ከመጫን በብራውዘር የሚከፈት መዝገብ ይመረጣል። አንድ አድራሻ ለሁሉም ይሠራል፣ አፕዴቱም ሰርቨሩ ላይ ያልቃል።

እዚህ የሚያንቀው ሰርተፍኬት ነው። ባለሙያው ለውስጥ ሰርቨር በራሱ የሠራውን ሰርተፍኬት «ደጋግሜ እንዳላድስ» ብሎ ለ10 ዓመት ያደርገዋል። አንድሮይድና ኮምፒውተር ይቀበሉታል፤ አይፎን እምቢ ይላል። አፕል ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሰጠና ዕድሜው ከ825 ቀን የበለጠ የሰርቨር ሰርተፍኬት አይቀበልም፤ የሰርቨሩ ስምም ተለዋጭ ስም በሚባለው መስክ ውስጥ መጻፍ አለበት። ስለዚህ የሰርቨሩን ለ2 ዓመት ስጡት፣ የሚያበቃበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ። አይፎን ላይ ሰርተፍኬቱን የያዘው ፕሮፋይል ከተጫነ በኋላ አባውት ግርጌ ላይ ሰርተፍኬት ትረስት ሴቲንግስ ገብታችሁ ካልከፈታችሁት እንዳልተጫነ ይቆጠራል፤ ይህችን ሁለተኛ እርምጃ የሚረሳ ብዙ ነው። አንድሮይድ ላይ ደግሞ በእጅ የተጫነ ሰርተፍኬትን ብራውዘሩ ያምነዋል፣ አፖች ግን ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ በራሳቸው አያምኑትም። «በክሮም ይከፈታል፣ በአፑ አይከፈትም» ከተባላችሁ መልሱ ይኸው ነው። የሆስፒታሉ ስም ያለው የተገዛ ወይም ነጻ የሕዝብ ሰርተፍኬት ማውጣት ከተቻለ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

ተጠቃሚው 10 ደቂቃ ካልነካው መዝገቡ በራሱ ይዘጋ። «ፓስዎርድ ሴቭ ላድርግ?» ሲል «አታድርግ» ይባል። የስክሪን መቆለፊያው 6 አኃዝ ይሁን፤ በጣት የሚሣል መስመር በስክሪኑ ላይ ቅባቱ ይታያል።

6. መልእክቱ ለምን አልገባም?

«ተረኛውን በቴሌግራም ጠራነው፣ አላየም።» ሐኪሙን ከመውቀስ በፊት ስልኩን እዩ። ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን የሚገድል ስልክ ሞልቷል። የሜኑው ስም በእትም ይለያይ እንጂ ቦታው እንዲህ ነው፦

ቴክኖና ኢንፊኒክስ፦ ፎን ማስተር የሚለውን አፕ ክፈቱ፣ ኦቶ ስታርት ማኔጅመንት ውስጥ ቴሌግራምን አብሩ። ከዚያ በቅርብ የተከፈቱ አፖች ሲታዩ የቴሌግራሙን ካርድ በመቆለፊያው ምልክት ቆልፉት፤ አለበለዚያ «አጽዳ» የሚለው ሁሉ አብሮ ይጠርገዋል።

ሬድሚ፦ አፑ ላይ ኦቶስታርት ይከፈት፣ ባትሪ ሴቨር የሚለው ላይ ኖ ሪስትሪክሽንስ ይመረጥ። አንዱን ብቻ ማድረግ አይበቃም።

ሳምሰንግ፦ ባትሪ፣ ባክግራውንድ ዩሴጅ ሊሚትስ፣ ከዚያ «የማይተኙ አፖች» ዝርዝር ውስጥ ጨምሩት።

ሁዋዌ፦ ባትሪ፣ አፕ ሎንች፣ አውቶማቲኩን አጥፍታችሁ የሚመጡትን ሦስቱንም ክፈቱ። የጎግል አገልግሎት ከሌለው፣ ቴሌግራም ውስጥ ኖቲፊኬሽንስ ግርጌ ላይ ያሉት ኪፕ አላይቭ ሰርቪስና ባክግራውንድ ኮኔክሽን ሁለቱም ይብሩ፤ መልእክት የሚያቀብለው ጎግል ስለሌለ አፑ ራሱ ነቅቶ መጠበቅ አለበት።

አይፎን፦ አፑን አይገድለውም፤ ፎከስ የሚባለው ግን ድምፁን ይዘጋዋል። የተረኛ ጠሪውን ቁጥር በዕውቂያ ውስጥ ክፈቱ፣ ሪንግቶን ላይ ኢመርጀንሲ ባይፓስ ይብራ። አንድሮይድ ላይ ያው ቁጥር ኮከብ ይደረግበትና «ዱ ኖት ዲስተርብ» ኮከብ ያላቸውን እንዲያስገባ ይፈቀድ።

ሙከራው ላይ አትቸኩሉ። ስልኩን ከቻርጀር ንቀሉ፣ ስክሪኑን አጥፉ፣ ጠረጴዛ ላይ ሳይነካ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ መልእክት ላኩ። ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ወይም ከተቆለፈ ከ1 ደቂቃ በኋላ የተደረገ ሙከራ ሁሌም ያልፋል፤ ስልኩ ገና አልተኛማ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላም ቴሌግራም ለድንገተኛ አይሁን። የዳታ ጥቅል ያልቃል፣ ሠራተኛው ከኪሱ ነው የሚገዛው። ሕይወት የሚነካ ነገር በድምፅ ይደወል፤ ቴሌግራም ለሚቆይ ጉዳይ ይሁን። ባለ ሁለት ሲም ስልክም የራሱ ጠባይ አለው፦ በአንዱ ሲም እያወሩ ሳለ በአብዛኞቹ ስልኮች ሌላው ሲም «አይገኝም» ይላል። ለተረኛ ሁለተኛ ቁጥር የምትመዘግቡ ከሆነ የሌላ ሰው ቁጥር ይሁን፣ የዚያው ስልክ ሁለተኛ ሲም አይሁን።

ባለ 32 ጊጋ ስልክ ሞልቶ ከሆነም ፎቶ አይወርድም። ቴሌግራም ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ገብታችሁ የቆዩ ፋይሎችን 1 ሳምንት፣ ከፍተኛውን መጠን ከሚታዩት ምርጫዎች ትንሹን አድርጉ።

7. የታካሚ ፎቶ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል። «ለሲኒየር አማክሬ ነው» ማለት ፎቶው ጋለሪ ውስጥ ከልጅ ልደት ፎቶ ጋር ተደባልቆ እንዲቀር አይፈቅድም። ፎቶ ማንሣቱን ግን በክልከላ አታስቆሙትም፤ ስለዚህ መንገዱን አሳምሩ።

ከማንሣት በፊት፦ የታካሚው ፈቃድ ይጠየቅ። የካሜራው የቦታ መመዝገቢያ ይጥፋ። ፊት የሚያሳምረው ቢዩቲ ሞድና ኤአይ የሚለው ሁሉ ይጥፋ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ቆዳን የሚያለሰልሰው ካሜራ ሽፍታን ያጠፋል፣ የገረጣውን ሰው ያቀላዋል። ያው ቁስል በሦስት ስልክ ሲነሣ ሦስት ዓይነት ቀለም ይኖረዋል፤ ከቁስሉ አጠገብ ነጭ ጎዝና ማስመሪያ አብሮ ይነሣ፣ የሚያየው ሰው በጎዙ ንጣት ቀለሙን፣ በማስመሪያው መጠኑን ይገምታል። የኤክስሬይ ፊልም ከሆነ ፍላሽ ይጥፋ፣ ስሙና የካርድ ቁጥሩ ያለበት ጥግ በወረቀት ይሸፈን፣ ስልኩ ከፊልሙ ጋር ትይዩ ይያዝ።

ሲላክ፦ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን ያሳንሰዋል፤ ፊልም ላይ ያለ ቀጭን ስብራት ሊጠፋ ይችላል። እንደ ፋይል ይላክ። ፋይል ግን በውስጡ የተመዘገበውን ቦታና ሰዓት ይዞ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው የቦታ መመዝገቢያውን ቀድመን ያጠፋነው። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው) የተመሰጠረ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምስጠራ ያለው ለሁለት ሰው በሚከፈተው ሲክሬት ቻት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ግሩፕ ውስጥ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ፊት አይግባ። በግሩፑ ላይ ማስቀመጥን የሚከለክለው ሪስትሪክት ሴቪንግ ኮንቴንት ይከፈት፣ መልእክቱ በ1 ሳምንት በራሱ እንዲጠፋ ይደረግ፤ እያንዳንዱ አባል ደግሞ በስልኩ ሴቭ ቱ ጋለሪ የሚለውን ይዝጋ። ጎግል ፎቶስ ላይ ካሜራ የሚለው ፎልደር ራሱ ባክአፕ እየተደረገ ከሆነ በእጅ ማጥፋት ግድ ነው፣ ከትራሽም ጭምር፤ ትራሹ ባክአፕ የተደረገን ፎቶ 60 ቀን ያቆያል።

8. ቻርጀር፣ ጽዳት፣ ማግኔት

በየነርስ ጣቢያው ባለ አንድ ማከፋፈያ ሦስት ዓይነት ገመድ ይኑር፦ ታይፕ ሲ፣ ማይክሮ ዩኤስቢ፣ እና ለአይፎን 14ና ከዚያ በፊት ላሉት ላይትኒንግ። ከአይፎን 15 ወዲህ ታይፕ ሲ ነው። ይህ ካልተደረገ ሰው ስልኩን የሕክምና መሣሪያ ዩኤስቢ ላይ ይሰካል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ የማደንዘዣ ማሽን ከገበያ እንዲሰበሰብ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ስልክ ዩኤስቢው ላይ ሲሰካ ማሽኑ ሊቆም መቻሉ ነበር። የሞኒተርና የማደንዘዣ ማሽን ቀዳዳዎችን በፕላስተር ሸፍኗቸው።

ስልክ በ0.5 በመቶው የክሎሪን ውኃ አይጠረግም። የስክሪኑን ሽፋን ይበላዋል፣ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ያዝገዋል። 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል የነካው ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፦ ስልኩ ይጥፋ፣ ከቨሩ ይውለቅ፣ ጨርቁ ይራስ እንጂ ስልኩ ላይ አይረጭ፣ ከቨሩ ለብቻው ይጠረግ። ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገባ ስልክ በየመግቢያው፣ የዋርዱ በየፈረቃው።

አይፎን 12ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ጀርባቸው ላይ ማግኔት አላቸው፤ የልብ ምት ማስተካከያ ካለው ታካሚ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ፣ በገመድ አልባ ቻርጀር ላይ ከሆነ ከ30 በላይ ይራቅ። ኤምአርአይ ክፍል ማንኛውም ስልክ አይግባ። እግረ መንገዳችንን፦ በ2018 እ.ኤ.አ. ቺካጎ አቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ኤምአርአይ ሲተከል ሂሊየም አፈትልኮ 40 ያህል የአፕል ስልኮችና ሰዓቶች ሞቱ፤ አንድሮይዶቹ ምንም አልሆኑም። አይፎኖቹ የውስጥ ሰዓታቸውን የሚመታው ቅንጣት ሂሊየም ሲገባበት የሚቆም ዓይነት ነበር፤ አብዛኞቹ ከቀናት በኋላ በራሳቸው ተመለሱ። በአንድ ክፍል አይፎን ብቻ በአንድ ጊዜ ከጠፋ ስልኩን ትታችሁ አየሩን ጠርጥሩ።

9. የዋርድ ስልክ

እስካሁን ያለው ሁሉ አድካሚ መሆኑን እናውቃለን። ለእያንዳንዱ ዋርድ አንድ የሆስፒታሉ ስልክ መግዛት ከላይ ያለውን ግማሹን ያስቀራል፦ 4 ጊጋ ራም፣ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ፣ የሆስፒታሉ ሲም፣ የሆስፒታሉ ጂሜይል። ፎቶ የሚነሣው፣ ተረኛ የሚጠራው በዚህ ነው። ቁጥሩ የዋርዱ ስለሆነ ሰው ቢቀያየርም አይቀየርም። በርክክብ ደብተሩ ላይ ከመድኃኒት ቁልፍ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመርለት፤ የባትሪው መጠንና የተረካቢዋ ፊርማ ይስፈርበት። ሁሉም አንድ ሞዴል ይሁን፣ ለ10 ዋርድ 12 ግዙ፤ ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው።

10. ሲጠፋና ሰው ሲለቅ

የጠፋ ስልክ ዜና እንደደረሳችሁ ቅደም ተከተሉ፦ የመዝገቡን አካውንት ዝጉ፤ ሠራተኛው በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከፍቶት የነበረ ቴሌግራም ካለ ዲቫይስስ ውስጥ የጠፋውን ያስወጣ፤ በጎግል ወይም በአፕል ፈልጎ ማግኛ ይቆለፍ፤ ሲሙ በኢትዮ ቴሌኮም 994 ወይም በሳፋሪኮም 700 ተደውሎ ይታገድ። ሲሙን ቀድሞ ማሳገድ ስህተት ነው፤ የስልኩ ዳታ ስለሚቋረጥ ከርቀት የሚላከው የመቆለፍ ትእዛዝ ላይደርሰው ይችላል። በስልኩ ውስጥ ያለውንም ከርቀት ከመደምሰሳችሁ በፊት መጀመሪያ ስልኩን ቆልፉት፣ ከተደመሰሰ በኋላ ያለበትን ማየት ሊያስቸግር ይችላል።

ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሬዚደንት ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲዞር፣ የክሊራንስ ወረቀቱ ላይ የአይሲቲ መስመር ይኑር፦ አካውንቱ ተዘግቷል፣ ከግሩፖቹ ወጥቷል፣ የዋይፋዩ የተጠቃሚ ስሙ ተሰርዟል። ከግሩፕ ማስወጣቱን ለነገ አታሳድሩ። ሳይሠራበት የቆየ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል፤ አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሲከፍት የቀድሞው አካውንት ሁለተኛ ፓስዎርድ ከሌለው በዚያው ቁጥር ገብቶ የዋርዱን ግሩፕ ያገኘዋል። በየ3 ወሩ የግሩፑን አባላት ዝርዝር ከማትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) ጋር ተቀምጣችሁ ስም በስም አንብቡ፤ ማንም የማያውቀው ቁጥር በዚያው ሰዓት ይውጣ።